በቀኝ በኩል የምትይዘው ሴት

እሁድ እሁድ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ሰው እጅጋየሁን ሳያያት አይቀርም። በሴቶች በኩል፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ደግፋ የምትቆመው እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ያያት ሰው ይናደዳል። ቅዳሴ ላይ ቪዲዮ የምትቀርፅ ይመስለዋላ። እሷ ግን ስልኩን አታየውም፤ ዓይኗ መቅደሱ ላይ ነው። እጇ ሲዝል ክርኗን ጎኗ ላይ ታስደግፋለች እንጂ አታወርደውም። በዚያች ስልክ አስራ አንድ ሰው እያስቀደሰ ነው። ወገቡ የተሰበረ፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለ፣ አልጋ የያዘ፣ የሚያደርሰው ያጣ።

ይሄን ሥራ ማንም አልሰጣትም። አሜሪካ የገባችው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አንድ፣ ዲቪ ደርሷት፣ ሔለንን በጀርባዋ አዝላ ነው። ትምህርቷ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰሐን አጠበች፤ በኋላ ኮርስ ወስዳ ሳን ፓብሎ አንድ ኬር ሆም ውስጥ አዛውንት ማጠብና ማልበስ ጀመረች። የምትኖረው ሪችመንድ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የነካችው ልጇ ካደገች በኋላ ነው፤ ያውም ሔለን «ማም፣ ዶንት ታች ኤቭሪቲንግ!» እያለች እየጮኸችባት።

ኬር ሆሙ ውስጥ እማማ ለተ ማርያም የሚባሉ ኤርትራዊት እናት ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእጅጋየሁ የተሻለ። አንድ ፋሲካ ጠዋት ልብሳቸውን ስታለብሳቸው፣ «እጅጋየሁ ልጄ፣ ቅዳሴ ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ። እዚህ የሚጮኸው ቴሌቪዥን ብቻ ነው» አሏት። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስልኳን ከፍታ ያዘችላቸው። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ኢንተርኔትን ይፈራ ነበር። «የሰይጣን መረብ ነው» የሚሉ ነበሩ። ትዳር የፈረሰበት ሰውም አለ፣ በሐሜት የተጣላም አለ። ቀሲስ ኃይለየሱስ ግን አንድ ቀን ሲያስተምሩ፣ «የሚቆርበውም አፍ ነው፣ የሚያማውም አፍ ነው። አፍህን ቆርጠህ አትጥልም፤ ትጠብቀዋለህ እንጂ» አሉ። እጅጋየሁ ይሄን ሰምታ ደስ አላት። ለመዘመር ድምፅ የላት፣ ለማስተማር ትምህርት የላት። ስልክ መያዝ ግን ትችላለች። እግዜር ይቺን ነው የሰጠኝ አለች።

ከዚያ ሁሉ ግን ልቧን የሚያሞቀው የየወርቅውሃ ነገር ነው።

ከየወርቅውሃ ጋር የተዋወቁት እዚያው ቴሌግራፍ፣ አንድ ገንዳ ላይ ሰሐን ሲያጥቡ ነው። እህት ሆኑ። የወርቅውሃ አንድ ልጇን አምሃን በዘጠኝ ዓመቱ ለወንድሟ ሰጥታ ነው የመጣችው። ወረቀቷ ዓመታት ፈጀ። ወረቀቱ ሲያልቅ ደግሞ ልጁ ከሃያ አንድ ዓመት ሊያልፍ ሆነና ፕሮሰሱ መልሶ ረዘመ። በስልክ ድምፁን ትሰማለች፤ ፊቱን ግን የምታውቀው የዘጠኝ ዓመቱን ነበር።

በሁለት ሺህ አስራ ሁለት አንድ ቅዳሜ እጅጋየሁ የሔለንን ላፕቶፕ ከፍታ ለየወርቅውሃ ፌስቡክ አወጣችላትና ልጁን መፈለግ ጀመሩ። አምሃ የሚባል ልጅ መዓት ነው። አንዱ መነጽር ያደረገ፣ አንዱ መኪና ተደግፎ የቆመ። የወርቅውሃ አንዱ ላይ ስትደርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተከለች።

«ይሄ ነው።»

«በምን አወቅሽ? ፊቱ እንኳ በደንብ አይታይም!»

«ግራ ትከሻውን አየሽው? ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆመው። እንዲህ እያልኩ አቃናው ነበር።»

ብላ ስክሪኑን ሳመችው። እንደገና ሳመችው። ሔለን «ኦ ማይ ጋድ፣ ማይ ላፕቶፕ!» አለች። እጅጋየሁም፣ «ኧረ ወርቅዬ፣ ልጁን ልትስሚ ነው የልጄን ኮምፒውተር ልትጨርሺ!» አለቻት። ሦስቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ የወርቅውሃ ሌላ ሰው ሆነች። ሥራዋ ኦክላንድ መሀል ከተማ፣ የፓርኪንግ ጋራዥ መውጫ ላይ፣ በአንዲት የመስታወት ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ትኬት መቀበል ነው። በየጠዋቱ ስልኳ ይጮሃል። እዚያ ሲመሽ፣ እዚህ ሲነጋ። «እማ ደህና አደርሽ?» ይላታል። በዚያች ቃል ቀኑን ሙሉ ትውላለች።

እጅጋየሁ እዚያው ፌስቡክ ላይ የጸሎት ጉሩፕም ከፍታ ነበር። ስድሳ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ልትወልድ ስትል፣ አንዷ ኦፕሬሽን ስትገባ፣ ስም ይጻፍና ሁሉም በያሉበት ይጸልያሉ። የወርቅውሃም ገብታ ነበር። በሁለት ሺህ አስራ ሰባት ዐቢይ ጾም ላይ ግን እጅጋየሁን እንዲህ አለቻት።

«እጅግዬ፣ እባክሽ ከዚህ ነገር አውጪኝ። በጮኸ ቁጥር አምሃ ይመስለኛል። ሳየው የሴቶች 'አሜን አሜን' ነው። ይከፋኛል።»

እጅጋየሁ ስልኩን ተቀብላ ነካካችው። ማውጫውን አጣችው። ሔለንን ልትጠይቅ አሰበችና አፈረች፤ ጉሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ እያለች ስትኮራባት ነዋ የኖረችው። አንድ ቦታ ስትጫን ድምፁ ጠፋ።

«አወጣሽኝ?»

«አወጣሁሽ።»

ድምፁን ነው ያጠፋችው እንጂ አላወጣቻትም። ትንሽ ውሸት ናት። ውላ አድራ ራሷ እጅጋየሁም እውነት መሰላት።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ጋሽ አክሊሉ ደወሉ። ጋሽ አክሊሉ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ድሮ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የሸበቱ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። 

«እጅጋየሁ፣ ቆመሽ ነው?»

«ማን ነው ጋሼ? ማን ሞተብን?»

«የየወርቅውሃ ልጅ። ማክሰኞ ናዝሬት መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ። አጎቱ ነው አሁን የደወለልኝ፤ እናንተ በወግ ንገሯት ብሎ አደራ አለኝ።»

የሐበሻ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋጋ ቤቷ ይኬዳል። በሩ ሲንኳኳ፣ ያን ሁሉ ነጠላ ስታይ፣ ገና ቃል ሳይወጣ ልቧ ያውቃል። እንዳትወድቅ፣ ራሷን እንዳትጎዳ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሴቶች ይይዟታል። ያኔ ነው ቃሉ የሚነገረው።

ጋሽ አክሊሉም ያንኑ አደላደሉ። «ቅዳሜ ሥራ የላትም። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት በሯ ላይ እንገናኝ። ዘርትሁን በግራ፣ አንቺ በቀኝ ትይዣታላችሁ፤ ከአንቺ የሚቀርባት የለም። እስከዚያ እንዳትሰማ። ፌስቡክ ላይ እንዳትወጣ! አገር ቤት ላሉት ልጆችም ነግሬያለሁ።»

«እንዴ ጋሼ፣ ምን ሆኜ! በፍጹም!»

እውነቷን ነው የማለችው። ችግሩ እጅጋየሁ ዘንድ ጉሩፑ ፌስቡክ አልነበረም። ጉሩፑ ጸሎት ነው። ፌስቡክ ማለት ሰዎች ኬክና መኪና የሚለጥፉበት ነው።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሳን ፓብሎ አቬኑ ላይ ወደ ሥራ ስትሄድ ስለ ወርቅዬ ታስብ ነበር። ወርቅዬ አሁን መስታወት ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኳን እያየች ነው። ሁለት ቀን አልጻፈላትም። ይቺ ሴት መርዶውን ሳትሰማ በፊት ስድሳ ሴት ቢጸልይላት፣ እግዜር ጉልበት አይሰጣትም? ስልኳን አወጣችና በእንግሊዝ ፊደል አማርኛውን ጻፈች። የእህታችን የየወርቅውሃ ልጅ አምሃ አርፏል፤ እስከ ቅዳሜ እንዳትሰማ አደራ፤ ለሷ ብርታት፣ ለሱ ነፍስ ጸልዩ። የእናቱን ስም ስትጽፍ ከሥሩ የየወርቅውሃ ፎቶ ብቅ አለ፣ ነጠላ የለበሰችበት። ጉሩፑ ውስጥ በዚህ ስም ሌላ ሴት ነበረች፤ እንዳይሳሳቱ ብላ ፎቶውን ነካችው። ስሙ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው እንኳ አምሮባት ነበር። ላከችው፣ አማተበች፣ ወረደች።

ኬር ሆሙ ውስጥ ስልክ አይፈቀድም። ሎከር ውስጥ ቆልፋበት ገባች።

እማማ ለተ ማርያምን ስታጥብ እንባዋ እጃቸው ላይ ጠብ አለ። «ምነው ልጄ?» አሏት። ለሳቸውም አልተናገረችም። አደራ ነዋ።

እረፍት ስትወጣ ስልኳ ላይ ሠላሳ ምናምን ኮል ነበር። መልሳ ስትደውል መጀመሪያ ያነሳችላት ከጉሩፑ ሴቶች አንዷ፣ ዘርትሁን ናት።

«እጅግዬ ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ አንቺ ሴት!»

«ምን አደረግኩ?»

«ስሟን ጠርተሽ ነገርሻት'ኮ! ተጠርታ ነው ያየችው! አጥፊው ብለን ስንት ደወልንልሽ! የት ገብተሽ ነው?»

«እሷ የለችበትም! አውጥቻታለሁ!»

«አለችበት!» አለች ዘርትሁን። «አለችበት እጅግዬ።»

እጅጋየሁ ሎከሩን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

የሆነው እንዲህ ነው። ስም ሲነካ ድምፁ የጠፋም ጉሩፕ ይጮሃል። የወርቅውሃ መስታወት ቤቷ ውስጥ መኪና እያስወጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ከፈተችው። ከዚያ ትኬት የሚቀበል እጅ ከመስኮቱ አልወጣም። መኪኖቹ ተደረደሩ። ጡሩምባ ጀመሩ። ውስጥ የምትጮህ ሴት መኖሯን ማንም አልሰማም፤ ሁሉም መስታወቱን ዘግቶ ነው የሚጮኸው። ሦስተኛው መኪና ውስጥ የነበረች አንዲት የማታውቃት ጥቁር አሜሪካዊት ናት ወርዳ በሩን ከፍታ የያዘቻት። ምን እንደሆነች አልገባትም፣ ቋንቋዋን አታውቅም። ዝም ብላ ግን ይዛት ቆየች፣ ጋሽ አክሊሉ የጉሩፑ ሴቶች ደውለውላቸው እስኪደርሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዎቹ እንደታቀደው ሄዱ። መርዶው ቀድሞ ቢደርስም ወጉ አይቀርም ብለው ጋሽ አክሊሉ የሚባለውን አሉ። የሚታወቀውን ነገር ላወቀችው ሴት ነገሯት። በግራ ዘርትሁን ያዘች። በቀኝ ሌላ ሴት ነበረች። እጅጋየሁ ከመንገዱ ማዶ አንድ ዛፍ ሥር ቆማ ልቅሶውን ሰማች፤ መሻገር አቃታት።

በኋላ ሰው ሁሉ ሊያጽናናት ተሯሯጠ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ቴክኖሎጂው ነው ያሳሳተሽ።» «አውጥተሻት ኖሮ መልሶ አስገብቷት ይሆናል፤ እንደዚህ ያደርጋል።» «ሰይጣን ነው፣ ደግ ሥራ ሲያይ አይወድም።» እጅጋየሁም ራሷን ነቀነቀች። አዎ፣ አውጥቻት ነበር አለች። ያቺ ትንሿ ውሸት አሁን አደገች። የወርቅውሃ በበኩሏ አርባው እንዳለፈ ዕቃዋን ጠቅልላ ሳን ሆዜ የአክስቷ ልጅ ጋ ገባች። ለእጅጋየሁ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ምንም ቃል አልተናገረችም።

እጅጋየሁ ወደ ቀሲስ ኃይለየሱስ ሄደች።

«አባ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«ስልኩን ልጥለው ነው አባ። ኢንተርኔት የሚባለውን ዳግመኛ አልነካም። ይሄን ቀኖና ይስጡኝ።»

ቀሲስ ቀና ብለው አዩአት። «እማማ ለተ ማርያም እሁድ በምን ያስቀድሳሉ?»

እጅጋየሁ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ስልኩ ንስሐ አይገባም እጅጋየሁ። ስልኩን ጥለሽ አንቺ ልትቀሪ ነው? ምንድነው የያዝሽው?»

ያኔ ነገረቻቸው። አለማውጣቷን። አወጣሁሽ ማለቷን። ሰው «ቴክኖሎጂው ነው» ሲል አዎ ማለቷን። ቀሲስ ስግደት ሰጧት፣ ጾም ሰጧት። በመጨረሻ፣ «ይሄን የነገርሽኝን ለእሷም ትነግሪያታለሽ» አሏት።

«ትጠላኛለች።»

«ትጥላሽ። እውነቱን ይዛ ትጥላሽ።»

ስግደቱን ጨረሰች፣ ጾሙን ጨረሰች። ያችኛዋን ግን አንድ ዓመት ጎተተቻት። እሁድ እሁድ ስልኳን ደግፋ ትቆማለች። እማማ ለተ ማርያም በግንቦት አረፉ፤ የመጨረሻዋን እሁድ ቅዳሴ ሰምተው ነው። የእጅጋየሁ እጅ ግን ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የሚያዩት ሰዎች ምስሉ ይወዛወዛል ይሏታል።

የአምሃ ሙት ዓመት ሲቃረብ ሳን ሆዜ ሔለን ጋ ሄደች። ሔለን እዚያ ኮሌጅ ገብታለች። ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ቀሰቀሰቻት።

«ማም፣ ጀስት ቴክስት ኸር!»

«ቴክስት አይሆንም። ውሰጂኝ።»

«ሳትደውዪ? ኢትስ ሲክስ ኤኤም!»

«መርዶ ነው።»

ሔለን ብድግ አለች። «ሁ ዳይድ?»

«ማንም አልሞተም። ተነሺ በናትሽ።»

እጅጋየሁ እንዲህ ያለ ነገር በአካል፣ በጠዋት፣ ነጠላ ለብሶ ነው የሚነገረው ብላ አስባ ነው። ሌላው አልታያትም። በሩን ስታንኳኳ የወርቅውሃ ራሷ ከፈተች። ከስታለች። በንጋት በሯ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ የበሩን ፍሬም ያዘች።

«ማን ሞተ? ወንድሜ ነው? ማን ሞተ እጅግዬ?»

«ማንም! ማንም አልሞተም ወርቅዬ፣ በማርያም! እኔ ነኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ የመጣሁት!»

የወርቅውሃ የበሩን ፍሬም ለቀቀች። ከዚያ፣ «አንቺ ሴት መቼም አንድ ቀን ትገይኛለሽ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ የአምሃ ፎቶ አለ፤ ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል። እጅጋየሁ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። እንዲሁ አፈረጠችው።

«አላወጣሁሽም ነበር። ያኔ አውጪኝ ስትዪኝ። አቃተኝ፣ ሔለንን መጠየቅ አፈርኩ፣ ድምፁን አጥፍቼ አወጣሁሽ አልኩሽ። ማሽኑ አይደለም የሳተው። እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ሰው ማሽኑ ነው ሲል ዝም አልኩ።»

የወርቅውሃ ፎቶውን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ስልኩ ሲጮህ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አለች። «'አንተ ልጅ፣ ሁለት ቀን አስጨንቀኸኝ!' አልኩ። ስቄ'ኮ ነው የከፈትኩት። እየሳቅኩ ነው የተረዳሁት። እየሳቀ የልጁን ሞት የሰማ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፎቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ማሽኑ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች የወርቅውሃ። «ማሽን አይወደኝም። አንቺ ግን ትወጂኝ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እጅጋየሁ በግራዋ ተቀምጣ ነበር። ተነሳችና ዞራ በቀኝ በኩል ተቀምጣ ክንዷን ያዘች። የወርቅውሃ አልገፋቻትም። አልተደገፈችባትም። እንዲሁ እንደተያዘች ቤቱ ብርሃን ሞላ፤ የአክስቷ ልጅም ተነስታ አየቻቸውና መልሳ ገባች።

«አሁን ሂጂ» አለች የወርቅውሃ መጨረሻ ላይ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ። በእጅጋየሁ ነጠላ ነው የጠረገችው፤ ልብ አላለችውም። «ነገ እሁድ ነው። በስልክሽ የሚያስቀድሱት ይጠብቁሻል።»

«ሌላ ጊዜ ልምጣ?»



«ነይ። ግን እንዳትደውዪ። ስልክ ሲጮህ አሁንም እሱ ይመስለኛል።»

እጅጋየሁ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ሔለን መኪና ውስጥ ስልኳን ታይ ነበር፤ እናቷን ስታይ ጣለችው።

«ሶ? ፎርጊቭ አደረገችሽ?»

እጅጋየሁ ቀበቶዋን አሰረች። 

«ነይ ብላኛለች» አለች።